ማርቆስ ላይ ለየክፍሉ ስፒከር ማዘርጋት ለምትፈልጉ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም የደብረ ማርቆስ ልጆች። ዛሬ አንድ ሰው ላመሰግን ነው፣ እግረ መንገዴንም እናንተም እንድታሰሩት ልጠቁማችሁ። ገበያው አካባቢ ቴፕና ቲቪ የሚጠግን ልጅ ነው፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ በረንዳና ጓሮ ካለው ማድ ቤት ድረስ ድምፅ ዘርግቶልን እማዬ አሁን እንጀራ እየጋገረች መዝሙሯን ትሰማለች።

ቀድሞ አንድ ሱቅ ጠይቀን ለየክፍሉ በዋይፋይ የሚሰራ ስፒከር ግዙ ተባልንና ዋጋውን ስንሰማ ዝም ብለን ወጣን። እሱ ግን ቤት ድረስ መጥቶ መጀመሪያ የጠየቀን ምን ምን አላችሁ ብሎ ነው። የአባቴ የድሮ አምፕሊፋየር አለ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አለ፣ የማይሰራ ቴፕ ከነስፒከሩ ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። "በቃ እኮ አላችሁ፣ የጎደለውን ስፒከር እኔ ጋ ካሉት አሮጌዎች እንመርጣለን፣ አዲስ የምትገዙት ሽቦና ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው" አለን። ሌላ ቢሆን አምፑንም አዲስ ባስገዛን ነበር።

ጥንቃቄውን ደሞ ብታዩት። እያንዳንዱን ስፒከር በቴስተር ለካ፣ ባለ 8 ኦሙ (ኦም ማለት ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን የሚገድብበት መለኪያ ነው) በቴስተር ሲለካ 6 ወይ 7 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ በጣም የወረደውን ወደ ጎን አረገው። ከዛ የግድግዳ ሰዓቱን ድንጋይ አውጥቶ በሽቦ ነካ ሲያረግበት የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጪ ብቅ ካለ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው፣ እንዲህ እያለ ስምንቱንም በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አረገባቸው። ለምን ይሄ ሁሉ ስለው ተገላብጠው ከታሰሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ማለት ነው፣ ይጠፋል አለኝ።

አምፑ ጀርባው ላይ 8 ኦም ይላል። ባንድ ቻናል (በግራው ወይ በቀኙ መውጫ) አራት ስፒከር ዝም ብሎ በፓራለል፣ ማለትም ሁሉንም ጎን ለጎን እዛው መውጫ ላይ ቢያስር ወደ 2 ኦም ይወርድና አምፑ ግሎ ግሎ ይቃጠላል፣ ስለዚህ በየክፍሉ ሁለቱን በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱን ከሌላው ቀጥሎ አያይዞ 16 አረጋቸው፣ ከዛ ሁለት ክፍል በግራ ሁለት ክፍል በቀኝ በፓራለል ሲታሰሩ በየቻናሉ መልሶ 8 መጣ። ድምፁ ትንሽ እንደሚቀንስ ሳይጀምር ነው የነገረን፣ ለቤት ግን ከበቂ በላይ ነው። ለየክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ ስላለው እንግዳ ሲመጣ የሳሎኑን ብቻ ማጥፋት ይቻላል፣ አምፑም ምንም አይሆንም።

በጣም የወደድኩለት ደሞ ግማሹ ቤት ግራውን ብቻ ግማሹ ቀኙን ብቻ እንዳይሰማ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ሞኖ አረገው፣ ግራና ቀኙ ተቀላቅሎ በሁሉም ስፒከር አንድ አይነት እንዲወጣ ማለት ነው፣ ምክንያቱም አንዳንድ ዘፈን ላይ ማሲንቆው ባንድ ጎን ሌላው መሳሪያ በሌላ ጎን ነው የተቀዳው። መዝሙሩና ዘፈኑ ሚሞሪ ላይ ነው፣ ስልኩ ባውክስ ገመድ አምፑ ላይ ተሰክቷል፣ ኔት ኖረ አልኖረ አያገባንም። ሽቦውን በኮርኒስ ላይ ከመብራት መስመሩ አርቆ ነው የወሰደው፣ ለማድ ቤቱ ሩቅ ስለሆነ ወፈር ያለውን ባለ 1.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ሽቦ ተጠቀመ፣ ስፒከሮቹንም ጭስና እንፋሎት እንዳያገኛቸው በሩ ጋ ነው የሰቀላቸው።

ሲወጣ ለእማዬ "እማማ፣ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ያጥፉት፣ ሲመለስ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ቆይተው ያብሩት" አላት፣ እሷም እድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ ብላ መርቃ ሸኘችው። የእጁንም ዋጋ መጀመሪያ የተናገረውን ነው የተቀበለው፣ የተረፈውን ሽቦ እንኳን ጠቅልሎ አስቀምጦልን ነው የሄደው። እጁ ይባረክ!

ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አርጉልኝና አገናኛችኋለሁ። ለበዓል ካሰባችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሩት፣ በዓል ሲቃረብ ስራ ይበዛበታል። አሮጌ ቴፕና ስፒከር ካላችሁም ለቆራሌው ሳትሰጡት በፊት እሱ ይየው።