ለኮረኮንችና ለአሸዋ መንገድ የትኛው የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር ይሻላል? አራት ዓይነት ጎን ለጎን

ቱርሚ አጠገብ ካስኬ የሚባል ወንዝ አለ። አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም፣ አሸዋ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ኮምፕሬሰሬ የሞተችው እዚያ አሸዋ ዳር ነው። ለመሻገር የአራቱንም ጎማ ንፋስ ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ ነው) አውርጄ ነበር። መሻገሩ እንደ ቅቤ ሆነ። ችግሩ የመጣው መልሶ ሲነፋ ነው። አንደኛውን ጎማ ጨረስኩ። ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተቀየረ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ ጸጥ። ፊውዝ መስሎኝ ቀየርኩ፤ ፊውዝ አልነበረም። ሳጥኗ ላይ ግን በትልቁ «300 ፒኤስአይ» የሚል ተጽፎባታል።

ሦስት ጎማ ሳይነፋ፣ ጎሚስታ እስካገኝ ድረስ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ሳልፈጥን ነዳሁ። ፀሐዩን አልነግራችሁም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኛም ኮምፕሬሰር ስሞክር ቆይቻለሁ። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ ላንድ ክሩዘር፣ ሃይሉክስ ወይም ተመሳሳይ መኪና ይዞ ከከተማ ለሚወጣ ሰው፣ በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚቆነጠጠው ባለ አንድ ፒስተን ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። ከዚያ በታች የሆነው ያዋርዳል። ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ለጥቂት ሰው ነው።

ሳጥኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር

ሻጭ ሁሉ ቀድሞ የሚያሳያችሁ ፒኤስአይ ነው። 150፣ 200፣ 300። የእናንተ ጎማ የሚፈልገው ግን 35 ወይም 40 ነው፤ ጭነት ካለ ትንሽ ከፍ ይላል። የሐኪም መርፌም ጫፏን ይዛችሁ ብትገፏት ብዙ ግፊት ታወጣለች። ጎማ ግን በመርፌ አይሞላም። መጠየቅ ያለባችሁ «በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይሰጣል?» ብላችሁ ነው። አንዳንዱ በሲኤፍኤም ይጽፈዋል። 1 ሲኤፍኤም በደቂቃ 28 ሊትር ገደማ ነው።

እስቲ በእጃችን እናስላው። የአንድ ትልቅ የላንድ ክሩዘር ጎማ ውስጡ 75 ሊትር ይይዛል እንበል። ከ15 ወደ 35 ፒኤስአይ ለማድረስ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሆናችሁ 100 ሊትር ያህል አየር ከውጭ መሳብ አለበት። በደቂቃ 15 ሊትር የምትሰጥ ትንሽ ኮምፕሬሰር ለአንድ ጎማ ወደ 7 ደቂቃ ትፈጃለች። ለአራቱ ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምን ቀረው? ያውም ሳትሞቅ፣ ሳታርፍ ከሠራች ነው። የኔዋ ሁለተኛውን ጎማ እንኳ አልጨረሰችም።

እኛ ግን የምንኖረው ደጋ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ያንኑ 20 ፒኤስአይ ለመጨመር አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር መሳብ ያስፈልጋል። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ጊዜው በግማሽና ከዚያም በላይ ይረዝማል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ «በሁለት ደቂቃ» የሚል ካያችሁ፣ እዚህ ሦስት ብላችሁ አንብቡት።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። አዲስ አበባ ጠዋት በ15 ዲግሪ ብርድ 35 ፒኤስአይ ሞልታችሁ ወደ ዳሎል ወረዳችሁ እንበል። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው። እዚያ የውጭው አየር ስለሚከብድ፣ ጌጁ፣ ማለትም የንፋስ መለኪያው፣ 4 ፒኤስአይ ያህል ቀንሶ ማሳየት ነበረበት። ነገር ግን የአፋር ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ያብጥና ያንኑ 4 ፒኤስአይ መልሶ ይጨምራል። ተጣፍተው ጌጁ እንደገና 35 ላይ ቁጭ ይላል። ሌሊት ሲበርድ ግን ይጎድላል። ጠዋት ጎማችሁ ጎድሎ ብታገኙት ወዲያው ሚስማር አትፈልጉ።

ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካው

ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ሁሉም ቦታ ይገኛል። ቪትዝ ላላቸው፣ ጠዋት አንድ ጎማ 5 ፒኤስአይ ጎድሎ ለሚያገኙት፣ ምንም አይወጣለትም። አዳዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችም ብዙዎቹ በስኮርት ጎማ ፈንታ እንዲህ ያለችውን ይዘው ነው የሚመጡት። ለአስፋልት ይሁን።

ለከባድ ጎማ ግን ችግሩ ከምርቱ ጥራት ይቀድማል። ችግሩ ሶኬቱ ነው። የዚያ ሶኬት ፊውዝ በአብዛኛው መኪና 10 ወይም 15 አምፒር ነው። 12 ቮልትን በ15 አምፒር ብታባዙ 180 ዋት ነው። ማንም ይሥራት ማን፣ ከዚያ በላይ ኃይል ካልገባላት ከዚያ በላይ ሥራ አትሠራም። «የኔ ሲጋራ ማቀጣጠያ ላይ ተሰክታ ላንድ ክሩዘር በሁለት ደቂቃ ትነፋለች» የሚላችሁ ሻጭ ካለ፣ ሒሳቡን አሳዩት።

ቻርጅ የሚደረገው

ይሄኛው ያጓጓል። ገመድ የለው፣ ሞተር ማስነሳት የለ፣ ጣራ ላይ ያለውን ስኮርት ሳይቀር ወጥታችሁ ትነፋላችሁ። ቁጥር ትሞሉለታላችሁ፣ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ማኪታን የመሰሉ የሥራ መሣሪያ ድርጅቶች የድሪል ባትሪ የሚወስድ አውጥተዋል። ቤታችሁ ባለ ባትሪ ድሪል ካለ ተመሳሳይ ባትሪ የሚወስደውን ፈልጉ፤ ጥሩ ነገር ነው።

አሸዋ ተሻግሮ አራት ትልቅ ጎማ መንፋት ሲመጣ ግን ልብ ይሰብራል። ትንንሾቹ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ጎማ ላይ ባትሪ ይጨርሳሉ። ከሰመራ ወደ ኤርታሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የት ልትሰኩት? ደግሞ ሊትየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ዕድሜው ያጥራል።

ዘመድ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሊያመጣላችሁ ከሆነ አንድ ነገር ንገሩት። ትርፍ ባትሪው ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ አይላክም፤ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በአብዛኛው ያለ ጣጣ ያልፋል። 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት የሚለው ሁለቱ ሲባዙ 90 ስለሆነ ያልፋል።

እኔ ይሄን ዓይነቱን የማየው እንደ ሁለተኛ ኮምፕሬሰር ነው።

ባትሪ ላይ የሚቆነጠጠው

ኮፈን ትከፍታላችሁ፣ ቀዩን በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቭ ትቆነጥጣላችሁ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ ትነፋላችሁ። ኃይሉ በሶኬቱ ቀጭን ሽቦ ስለማያልፍ 20 እና 30 አምፒር ይጠጣል። ሞተሩ ይነሳ የምለው ለዚህ ነው። ሞተር አጥፍቶ አራት ጎማ ነፍቶ፣ ከዚያ «ግፉኝ» ያለ ሰው አይቻለሁ።

እዚህ ምድብ ውስጥ ሦስቱን ላወዳድር።

ቫይኤር ከሚባለው ድርጅት 88ፒ ትንሿ ናት። ከፍተኛ ግፊቷ 120 ፒኤስአይ፣ የአየር መጠኗ በነፃ (ጎማ ላይ ሳትሰካ) 1.47 ሲኤፍኤም፣ ማለትም በደቂቃ 41 ሊትር ገደማ። ድርጅቱ እስከ 33 ኢንች ጎማ ይላታል። ልብ በሉ፤ የሞተችብኝ 300 ትላለች፣ ይቺ 120 ትላለች። ይቺ ግን ትነፋለች። ብዙ ቦታ ስለማትይዝ ወንበር ሥር ትገባለች። በዓመት ሦስት አራቴ ከከተማ ለሚወጣ ሰው ከዚህ በላይ ወጪ አያስፈልገውም።

ቫይኤር 400ፒ ታላቅ እህቷ ናት። 150 ፒኤስአይ፣ 2.3 ሲኤፍኤም፣ በደቂቃ 65 ሊትር፣ እስከ 35 ኢንች ጎማ። አንድ ትልቅ ጎማ ቆላ ላይ ከሁለት ደቂቃ ትንሽ በላይ፣ ደጋ ላይ ሦስት ይፈጅባታል። አራቱ ጎማ አንድ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ያልቃሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ስኒ አይቆጠርም።

የአውስትራሊያው ኤአርቢ ባለ አንድ ሲሊንደር ደግሞ 61.7 ሊትር ይሰጣል። ከ400ፒ ጋር ሲተያይ በፍጥነት ለውጥ የለውም ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ትንፋሹ ላይ ነው። ኮምፕሬሰር ሁሉ የሥራና የእረፍት ልክ አለው። 400ፒ በ100 ፒኤስአይ ግፊት 33 ፐርሰንት ነው የምትሠራው፤ 15 ደቂቃ ሠርታ 30 ደቂቃ ታርፋለች። ኤአርቢው በዚሁ ግፊት 50 ፐርሰንት ይሠራል። በጎማ ግፊት፣ 30 እና 35 ላይ፣ ሁለቱም ለአራት ጎማ ሳያርፉ ይበቃሉ። ስለዚህ መኪናችሁ አንድ ከሆነ ለዚህ ልዩነት ብላችሁ ብዙ ብር አትጨምሩ። ኤአርቢው ኮፈን ሥር በቋሚነት የሚታሰርም አለው፤ እንደዚያ ለሚፈልግ ሰው ነው የሚያዋጣው።

የእኔ ምርጫ 400ፒ ነው። 88ፒን የገዛ ሰውም አልተሸወደም።

ባለ ሁለት ሲሊንደሩ

ኤአርቢ ትዊን የሚሉት ነው። በሳጥን የሚንቀሳቀሰው ከ4 ሊትር የአየር ጋን ጋር ይመጣል። በነፃ በደቂቃ 174 ሊትር ይሰጣል፤ ያለ እረፍት እንዲሠራ ነው የተሠራው። ትልቁን ጎማ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነፋዋል። ስታዩት ታስቁበታላችሁ፤ ጌጁ ሳይሆን የግድግዳ ሰዓት ሴኮንድ ቆጣሪ ነው የሚመስለው።

ዋጋው ከ88ፒ በብዙ እጥፍ ነው። ወፍራም ሽቦና የራሱ ፊውዞች ይፈልጋል። ያለው ያውቃል፣ የሌለውም አይቀርበትም። የሚያዋጣው አምስት ስድስት መኪና አስከትሎ ዳናኪል ለሚወርድ አስጎብኚ ነው። አንዱ ሃያ አራት ጎማ ሲነፋ እንግዶቹ ፀሐይ ላይ አይንቃቁም። ከቸርኬው የተላቀቀ ቲዩብለስ (ከለማዳሪ የሌለው) ጎማ መልሶ ለማስቀመጥም ድንገተኛ ንፋስ ያስፈልጋል፤ ትንንሾቹ ይሄን አይችሉም።

ከመክፈላችሁ በፊት

ቮልቱን እዩ። ከመኪናው ኃይል የሚወስዱት እነዚህ ሁሉ የ12 ቮልት ናቸው። አይሱዙ የጭነት መኪና 24 ቮልት ነው፤ አንዳንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘርም እንደዚያው። 12 ቮልቱን 24 ላይ ብትቆነጥጡት የሚያስወጣው ጭስ ነው። ባትሪ መቁጠር ደግሞ አይበቃም፤ ሁለት ባትሪ ይዘው 12 ቮልት የሆኑ አሉ። አምፖሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ ወይም ኤሌክትሪሽያን በሜትር ይለካላችሁ።

ጎማችሁ ባለ ከለማዳሪ ከሆነ፣ እንደ 7.50 አር 16፣ ንፋሱን እንደ ቲዩብለስ አታውርዱት። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲንሸራተት ቫልቩን ከሥሩ ይበጥሰዋል። ከዚያ በኋላ ኮምፕሬሰር የሚያደርግላችሁ ነገር የለም።

ቱቦው ከፊት ባትሪ እስከ ኋላ ጎማ ይድረስ። ሱቅ ውስጥ ረጅም የሚመስለው መኪናው ጎን ሲሄድ ያጥራል፤ ገመዱና ቱቦው ተደምረው 7 ሜትር ካልሞሉ እኔ አልገዛም። በሙቀት ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ጠይቁ። ያለው ሲቆም «ተቃጠለ» ብላችሁ አትደንግጡ፤ አርፎ ይነሳል። የኔዋ ያ አልነበራትም። የመንፊያው ጌጅ እየነፋ ሳለ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ አቁማችሁ አንብቡ፣ ወይም ለብቻው ጌጅ ያዙ። ሶማሌ ተራ ይገኛል።

የአየር ማጣሪያዋን ስፖንጅ ደግሞ የአፋር አቧራ በአንድ ጉዞ ይደፍነዋል። አውጥታችሁ እጠቡት።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ጉዞውን አትጠብቁ። ግቢያችሁ ውስጥ አራቱንም ጎማ ወደ 18 አውርዱና በስልካችሁ ሰዓት ይዛችሁ ንፉ፣ አንዱን ከአንዱ ሳታሳርፉ። ሁለተኛው ጎማ ላይ ድምጿ ከተቀየረ፣ ደረሰኙ ኪሳችሁ ሳለ በማግስቱ መልሷት።