ታብሌቴን ያስወደደችኝ የብዕሩ ቁልፍ

ይህን የስዕል ታብሌት የገዛሁት ለመስመር ነበር። በማውስ መሳል አንጓዬን ስላሳመመኝ እንደ እርሳስ የሚያዝ ነገር ፈለግኩ። ስክሪን የሌለው፣ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የሚገናኝ፣ ተራ ታብሌት ነው፤ ብዕሩን እሱ ላይ አስኬዳለሁ፣ ስዕሉን ላፕቶፑ ላይ አያለሁ። መስመሩን በደንብ ይሠራል፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከወራት በኋላ እንድጽፍ ያስገደደኝ ብዕሩ ጎን ላይ ያለችው ላይኛዋ ትንሽ ቁልፍ ናት።

በታብሌቱ ማስተካከያ ገብቼ ያቺን ቁልፍ በኪቦርዱ ኮንትሮል ቦታ እንድትሠራ አደረግኳት። የምስለው በክሪታ ነው። ክሪታ ነፃ ሶፍትዌር ነው፣ ክፍያ የለውም። ብሩሽ ይዛችሁ ኮንትሮልን ስትጫኑ ብሩሹ ወደ ከለር ፒከር ይለወጣል። ስዕሉ ላይ የፈለጋችሁትን ቦታ ነካ ታደርጋላችሁ፤ ቀለሙ ይነሳል። ቁልፉን ስትለቁት ብሩሹ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ጊዜ በግራ እጅ ኪቦርድ ላይ ማድረግ ይቻላል። እኔ ግን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ፣ ግራ እጄ ከጋቢው ውስጥ ባይወጣ ደስ ይለኛል። አሁን አይወጣም። ቀለም ማንሳትም መቀባትም በአንድ እጅ ሆነ።

ጥቅሙ ግን ከምቾት ያልፋል። ኮምፒውተር ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም ያቀርባል። ለእያንዳንዱ ጭረት ቀለም ወደሚመረጥበት ክብ፣ ወደ ቀለም ክቡ፣ ስትሄዱ ዓይናችሁ ከስዕሉ ይነሳል፤ ስትመለሱ ደግሞ ምን ፈልጋችሁ እንደነበር ጠፍቷችኋል። ስዕሉ ላይ ካለው ማንሳት ሌላ ነው። ሁለት ቀለሞች የሚገናኙበት ላይ ብሩሹን ሳሳ አድርጌ አንድ ጊዜ አሳርፋለሁ። መሃል ላይ ሦስተኛ ቀለም ይወጣል። እሱን አንስቼ እንደገና እቀባለሁ። ከዚያ መሃል ደግሞ አራተኛው ይመጣል። ቀለሞቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ስለወጡ እርስ በርስ ይስማማሉ። እንዲህ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ቀለም ክቡን የምከፍተው ስዕል ስጀምር ብቻ ነው።

የምስለው በአብዛኛው የመንዝ ጓሳን ነው። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ከኋላቸው ጅብራ። በስልኬ ካነሳሁት ፎቶ እነሳለሁ። እዚህ ላይ ከለር ፒከር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የወንዱ ጭላዳ ጎፈር ከሩቅ ሲታይ አንድ ቡናማ ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። አንዱ ፒክሰል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራበት ጥቃቅን ነጥብ፣ ለጥቁር ምንም አልቀረውም። አጠገቡ ያለው የገለባ ቀለም ነው። ሦስተኛው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ስልኩ ፎቶውን አሳንሶ ሲያስቀምጥ የሚፈጥራቸው ብልሽቶችም አሉበት። ከዚያ መሃል አንድ ነጥብ አንስቶ መቀባት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው።

መፍትሔው እዚያው ክሪታ ውስጥ አለ። ፒ የሚለውን ፊደል ስትጫኑ የቀለም ማንሻው መሣሪያ ራሱ ይመረጣል፤ በማስተካከያው ውስጥ ራዲየስ የሚል ታገኛላችሁ። ሰፋ ስታደርጉት የአንዱን ፒክሰል ትቶ የአካባቢውን አማካይ ያመጣል። ያን ጊዜ ጎፈሩ ዓይናችሁ ያየው ቡናማ ይሆናል። ከአጠገቡ ብሌንድ የሚል አለ። እሱ ደግሞ የተነሳውን ቀለም ከያዛችሁት ጋር በፈለጋችሁት መጠን ይቀላቅለዋል። የብዕሩን ታችኛ ቁልፍ ለፒ ሰጥቻታለሁ፤ ወደ ብሩሹ ለመመለስ ቢ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር ሌየር ነው፤ እንደ መስታወት አንዱ በሌላው ላይ የሚደረብ የስዕል ንብርብር ማለት ነው። ጥላ የምሠራው ከላይ በሚደረብ ሌየር፣ መልቲፕላይ በሚባለው፣ የሥሩን ቀለም በሚያጠቁር ሁነታ ነው። ከጥላው ውስጥ ቀለም ስታነሱ ፒከሩ የሚያመጣው ስክሪኑ ላይ የሚታየውን፣ ማለትም የሥረኛው ቀለምና ጥላው የተባዙበትን ውጤት ነው። እሱን ሥረኛው ሌየር ላይ ስትቀቡት ጥላው ከላይ ድጋሚ ይባዛበታል። ይጠቁራል። እንደገና ስታነሱ ደግሞ የጠቆረውን ታነሳላችሁ። ስዕላችሁ ምክንያቱ ሳይታወቅ እየጨለመ የሚሄድባችሁ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። በመሣሪያው ማስተካከያ ከሚታዩት ሌየሮች ሁሉ ወይም ካላችሁበት ሌየር ብቻ እንዲያነሳ መምረጥ ይቻላል። ጥላ የተደረበበት ሥራ ላይ ካላችሁበት ብቻ ይሁን።

አሁን ወደ ሻጩ ልምጣ። አዲስ አበባ ሄጄ ስገዛ፣ «የኔ እህት፣ ስክሪን ያለውን ካልወሰድሽ ቀለሙን በትክክል አታይውም» ብሎኝ ነበር። በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደመለስኩለት! ወንድሜ፣ ስክሪን ስላለው ብቻ ቀለሙ ትክክል ይሆናል ያለህ ማን ነው? ርካሹ ባለስክሪን ታብሌት ከላፕቶፔ የባሰ ቀለም ሊያሳይ ይችላል። ሁለት ስክሪን ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን ሥራ በሁለት ቀለም ካሳዩኝ የትኛውን ልመን? አንድ ስክሪን ይበቃኛል፤ ጠባዩን ለምጄዋለሁ። ደግሞ መብራት ሲጠፋ ባለስክሪኑ ብዙውን ጊዜ የራሱን ኃይል ይፈልጋል። የኔ ግን ከላፕቶፑ በሚያገኘው ትንሽ ኃይል ይሠራል፤ ባትሪው እስካለ እስላለሁ። ለአንድ ሙክት የሚበቃ ብር ነው የከፈልኩት። ለባለስክሪኑ በጎቹ ብዙ ነበሩ።

ሻጩ ሳይነግረኝ የቀረው ትልቁ ነገር ግን ይህ ነው። ስክሪኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዓይናችን ቀለምን ብቻውን አያይም። የጭላዳ ደረት ላይ ያለው ገላጣ ቆዳ ከሩቅ ደማቅ ቀይ ነው። ከፎቶዬ ላይ ሳነሳው ግን የደበዘዘ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ሮዝ ሆኖ መጣ። ቀይ ያስመሰለው ዙሪያውን የከበበው ጠጉርና ከሥሩ ያለው የሣር አረንጓዴ ነው። ደማቅ ቀይ ብቀባው ኖሮ ቁስል ይመስል ነበር።

ይህን ጉዳይ በደንብ ያብራራው ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ባለው የጎብለን ሸማኔዎች ተቋም የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደበዘዘ የሚል ቅሬታ ሲመጣበት ማቅለሚያውን መረመረ። ጥፋቱ ከማቅለሚያው አልነበረም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው ከጎኑ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ነበር። ግኝቱን በሰፊው ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። በግ ጠጉር በሚፈተልበት አገር ለምንኖር ይህ እሩቅ ነገር አይደለም። መንዝ የተሠራ ጥቁር ባና ፀሐይ ላይ አንስታችሁ ቀለሙን በፒከር እዩት። ወደ ቡናማ ሊያደላ ይችላል። ነጭ አጠገብ ሲሸመን ደግሞ ይበልጥ ጥቁር ይመስላል።

ፎቶ ላይ ደግሞ ብርሃኑም አለ። በጠራ ሰማይ ጥላ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከሰማያዊው ሰማይ የሚመጣ ነው። ስለዚህ ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ በግ ሲነሳ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ማረም አያስፈልግም፤ እውነቱ ነው። ስታነሱት ግን የበጉን ሳይሆን የብርሃኑን ቀለም ጭምር እንዳነሳችሁ እወቁ።

በኮምፒውተር ባለሦስት ገጽታ (3ዲ) ቅርጽ ለምትሠሩ ይህ ይብሳል። ብሌንደር የተባለው የቅርጽ መሥሪያ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 3.2 ስሪት ጀምሮ ቅርጹን እያበጃችሁ እዚያው ቀለም እንድትቀቡ ያስችላል። የጭላዳ ጭንቅላት ሞክሬበታለሁ። ቅርጹ ላይ ግን መብራት አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የሚያነሳ ማንኛውም ፒከር ብርሃኑንና ጥላውን ከቀለሙ ጋር ደርቦ ያነሳል። ጉንጩ ሥር ካለው ጥላ አንስታችሁ ግንባሩ ላይ ስትቀቡት ብርሃን የማያጠፋው ጠቃጠቆ ይሆናል። ቀለም ስቀባ መብራቱን ፍላት ወደሚለው ምርጫ አዞረዋለሁ። ጥላው ሁሉ ይጠፋና የተቀባው ቀለም ብቻ ይቀራል። አንስቼ ስጨርስ መብራቱን እመልሳለሁ።

የቀረው ተራ ነው። የብዕሩ ጫፍ ያልቃል፤ መለዋወጫዎቹ አብረው መጥተዋል። ገመዱ አጭር ነው። ላይኛዋ ቁልፍ በጣም ለስላሳ ስለሆነች መጀመሪያ ሰሞን ሳልፈልግ ቀለም ታነሳብኝ ነበር፤ አሁን ጣቴ ለምዷታል። ልግዛው ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አዎ ነው። ብዕሩ ላይ ሁለት ቁልፍ መኖሩንና ሁለቱንም እንደፈለጋችሁ መቀየር መቻሉን ግን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ።