ጣርማ በር ላይ ሹፌሩ ጋቢ ደርቧል፣ የኔ ቲማቲም ግን 29 ዲግሪ ነው

ኮምቦልቻ ሆኜ አትክልት ወደ አዲስ አበባ መላክ ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ቲማቲሙና ፓፓያው ከቆቦና ከመርሳ ይመጣልኛል፣ ሰላጣና ቆስጣው ከሐይቅ ዙሪያ። በነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሳኝ ኖሯል። እዚህ ስንጭነው እንደ ድንጋይ የጠነከረው ቲማቲም እዚያ ሲወርድ ለምን ውሃ ይሆናል? ገበሬው "ሹፌሩ ነው" ይላል። ሹፌሩ "መንገዱ ነው" ይላል። ተረካቢው ደግሞ "ድሮም የበሰለ ነው የላክሽልኝ" ብሎ ከሂሳቡ ይቆርጣል። ሁሉም ይናገራል፣ ማስረጃ የያዘ ግን አልነበረም።

አሁን ማስረጃ አለኝ። ዘመድ ከዱባይ ሲመጣ ሁለት የሙቀት መዝጋቢ አመጣልኝ። ዳታ ሎገር ይሏታል፣ እኛ መጋዘን ውስጥ "መዝጋቢዋ" እንላታለን። አንድ ዓመት ሙሉ ተጠቅሜባታለሁ፣ ስለዚህ የምጽፈው ካርቶኑ ላይ ያለውን ሳይሆን ያየሁትን ነው።

ዕቃዋ ትንሽ ነች። አውራ ጣት ታክላለች፣ ጫፏ እንደ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ከመጫናችሁ በፊት በየስንት ደቂቃው እንደምትመዘግብ ትነግሯታላችሁ (እኔ በየ10 ደቂቃው አድርጌያታለሁ)፣ ከዚያ ቁልፏን ጫን አድርጎ መያዝ ነው። መብራቷ ብልጭ ካለ ሥራ ጀምራለች። ጭነቱ ሲደርስ ተረካቢው አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካት ራሷ ፒዲኤፍ ታወጣለች፦ የመነሻው ሰዓት፣ ከፍተኛው ሙቀት፣ ዝቅተኛው፣ መሃል ላይ ደግሞ የሚወጣና የሚወርድ መስመር። ምንም የሚጫን ፕሮግራም የለም። ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም ማታለያ የለውም፤ እኔም ተረካቢውም የምናየው አንድ ወረቀት ነው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ልንገራችሁ። ቲማቲሙን እንደ ልማዳችን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አይሱዙ ላይ ጫንን፣ ሸራ አለበስነው፣ አደረ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወጣ። አንዷን መዝጋቢ ከጭነቱ መሃል ካለ ሳጥን ውስጥ ቀበርኳት። ሁለተኛዋን ዳር ላይ፣ ከሸራው ሥር አደረግኳት። እኔ የጠረጠርኩት ሸዋ ሮቢትን ነበር። ቆላ ነው፣ ይሞቃል፣ ሁላችንም ጥፋቱን እዚያ ነው የምንጥለው።

ወረቀቱ ሲመጣ ሌላ ነገር አሳየኝ። ሁለቱም 31 ላይ ነው የጀመሩት። የዳሯ ሌሊቱን ወደ 19 ወረደች፣ ሸዋ ሮቢት ላይ 26 ደረሰች፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ 13። የመሃሏ ግን ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። 31፣ 30፣ 30፣ 29። ጣርማ በር ላይ፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው ዳገት፣ ጉሙ መስታወቱን ሸፍኖት ሹፌሩ ጋቢ ደርቦ ሲነዳ፣ የኔ ቲማቲም 29 ዲግሪ ላይ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሙቀቱ መንገድ ላይ የገባ አይደለም። ከማሳና ከመጋዘኔ በር ላይ አብሮ ተጭኖ የሄደ ነው። የተለቀመ አትክልት ሕይወት አለው፣ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ራሱ ሙቀት ያወጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ደግሞ አተነፋፈሱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ሳጥን በሳጥን ላይ ደርድረን፣ አየር መግቢያ አሳጥተን፣ ሸራ ስናለብሰው ያንን ሙቀት አፍነን ነው የምንልከው። ለስምንት ዓመት በ9 ሰዓት ፀሐይ ጫኑ እያልኩ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ስንት ሹፌር በከንቱ እንደወቀስኩ ሳስብ ያመኛል።

አሁን ለቀማው በማለዳ ነው፣ የተለቀመው ዳስ ሥር ይቆያል፣ ጭነቱ ማታ ነው። በሳጥኖቹ መሃል ክፍተት እንተዋለን። የመሃሏ መዝጋቢ አሁን 21 ላይ ትጀምርና 20 ላይ ትደርሳለች። ለቲማቲም ይሄም ገና ሞቃት ነው፣ ግን ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ከዚህ በላይ ማድረግ አልቻልኩም። ያ ሁልጊዜ የሚቆርጥብኝ ተረካቢ ሳይቀንስ ከፈለኝ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብ ነው። ትልቁ ነገር ግን የሰው ጤና ነው፣ ለዚህም ነው ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት።

ቲማቲም ቢሞቅ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስም ይታያል። ታጥቦና ተቆርጦ በላስቲክ የታሸገ ሰላጣ ግን ሳያስታውቅ ነው አደገኛ የሚሆነው። የሚበላው ጥሬውን ነው፣ ባክቴሪያውን የሚገድልለት እሳት አያገኝም። እንደሱ ዓይነቱ ከ5 ዲግሪ በላይ መውጣት የለበትም። ለባክቴሪያ በተመቸ ሙቀት አንዳንዱ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ ሆኖ ሰላጣው አረንጓዴ ነው፣ ሽታም የለውም።

የረመዳንና የሁዳዴ ጾም በተገናኙበት ወቅት አንድ ሆቴል ብዙ ሰላጣና ቆስጣ አዘዘኝ። ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ተከራየሁ። ሰላጣውን አስቀድሜ አቀዝቅዤ ነው የጫንኩት፣ የመኪና ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘን ነገር እንደቀዘቀዘ ያቆያል እንጂ የሞቀን ጭነት ለማብረድ አቅም የለውም። ማታ 4 ዲግሪ ላይ ወጣ። መንገድ ላይ አድሮ ጠዋት ሲደርስ የመኪናው ማሳያ 5 ይላል። በሩ ተከፈተ፣ ቀዝቃዛ አየር ወጣ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ መዝጋቢዋ ተሰካች። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምሮ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ወደ ንጋት 16 ይደርሳል፣ ከዚያ እየወረደ ወደ 5 ይመለሳል።

ሹፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ስልክ ደወልኩላቸው።

"አያ፣ ሌሊት ማሽኑን አጥፍተውት ነበር?"

ዝም አሉ። ከዚያ፣ "አልዋሽሽም እህቴ፣ ናፍጣው ለመመለሻ እንዳይጎድለኝ ብዬ ነው። በሩ ድፍን ነው፣ ቅዝቃዜውን ይዞ ያድራል ብዬ አሰብኩ" አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ናፍጣ ለማግኘት የሚሰለፈውን ሰልፍ የሚያውቅ ይረዳቸዋል። ግን ባክቴሪያ አንዴ ከተራባ መልሶ ማቀዝቀዝ ቁጥሩን አይቀንሰውም። ለሆቴሉ እውነቱን ነገርኩ። ቆስጣው ተቀቅሎ የሚበላ ስለሆነ ተቀበሉኝ፣ ሰላጣው ተጣለ። ኪሳራው የኔ ሆነ፣ ቢያመኝም አልቆጨኝም። መዝጋቢዋ ባትኖር ያ ሰላጣ ለአፍጥርና ለጾም ምሳ ይቀርብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማሽኑን ናፍጣ ለብቻው እከፍላለሁ፣ ውሉ ላይም ማሽኑ ሌት ተቀን እንደማይጠፋ ይጻፋል።

አሁን ወደ ጉድለቷ። አንደኛ፣ የምትናገረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሲም ካርድ የሚገባባቸው፣ መንገድ ላይ እያሉ ስልክ ላይ የሚልኩ አሉ፣ የኔዋ ያን አታደርግም። ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ያምታታል። ወረቀቱ ላይ 23:00 የሚለው የኛ የሌሊት 5 ሰዓት ነው፣ ቀኑም የፈረንጅ ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት እንዳለው ለረዳቱም ለተረካቢውም እስካስረዳ ሁለት ጊዜ ተጨቃጭቀናል። ሦስተኛ፣ የምትለካው ያለችበትን አየር እንጂ የአትክልቱን ሆድ አይደለም። ለዚያ መርፌ ያለው ቴርሞሜትር ያስፈልጋል፣ ቲማቲሙን ወጋ አድርጎ ማየት ነው።

ቦታዋም ወሳኝ ነው። ከማቀዝቀዣው ንፋስ ፊት ካስቀመጣችኋት ሁሉ ደህና ነው ትላችኋለች። አንዷን መሃል፣ አንዷን በሩ አጠገብ አድርጉ።

ልክ መሆኗን መፈተሽም አትርሱ። በረዶ ሰባብራችሁ ብርጭቆ ሙሉ አድርጉ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፣ መዝጋቢዋን ውሃ በማያስገባ ፌስታል አጥብቃችሁ ክተቷት፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ዜሮ አካባቢ ማሳየት አለባት። የኔ አንዷ 0.4 አለች፣ ጥሩ ነው። በፈላ ውሃ እሞክራለሁ የሚል ካለ ይተወው። የምትፈትሹት መርፌ ያለውን ቴርሞሜትር ቢሆንም እንኳ፣ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቦታው ከፍ ስላለ። 100 ካላለ ተበላሽቷል ብላችሁ ደህናውን ዕቃ ትጥላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ቀዝቃዛ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ሰላጣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይስማማዋል። ያልበሰለ ቲማቲም ግን ከ12 ዲግሪ በታች ከቆየ ይጎዳል፣ በወጉ አይቀላም፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ሙዝም ከ13 በታች ልጣጩ ይጠቁራል። ሰላጣና ቲማቲም በአንድ ማቀዝቀዣ መኪና ላኪልኝ ለሚሉኝ ደንበኞቼ እምቢ የምለው ለዚህ ነው።

ዋጋዋን በተመለከተ፣ ሁለቱ ተደምረው የአንድ አይሱዙ ጭነት ግማሽ ኪሳራ አይሞሉም። ባትሪዋ የሰዓት ዓይነት ክቡ ነው፣ ኮምቦልቻም ደሴም ይገኛል። ከአምስት አራት እሰጣታለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በሰዓቱ ጉዳይ ነው። ሲም የሚገባባትን ለሰላጣው መኪና አዝዣለሁ፣ ስትመጣ ከሚሴና ጣርማ በር ላይ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚያደርጋት አይቼ እጽፋለሁ።