ለእንጨት መሰል ነፍሳት የገዛሁት ባለመረብ ሳጥን
ለእንቁራሪቶቼ ቀለብ የሚሆኑትን እንጨት መሰል ነፍሳት የማረባው በዚህ ረጅም ባለመረብ ሳጥን ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ዋናው ነገር ቁመቱ ነው። ነፍሳቱ ሲያድጉ ቆዳቸውን የሚጥሉት ቁልቁል ተንጠልጥለው ስለሆነ፣ ቦታ ካነሳቸው እግራቸው ተጣሞ ይቀራል። እዚህ ግን ጣሪያውን ቆንጥጠው ቀስ እያሉ ከአሮጌው ቆዳ ይወጡና ዞረው ያንኑ ቆዳ ይበሉታል። ቁጭ ብሎ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል።

መረቡ አየር እንደ ልብ ያስገባል፤ ማታ የጽጌረዳው ቅጠል ላይ የምረጨው ውሃ ጠዋት ደርቆ ይጠብቀኛል፣ ሻጋታ የለም። የማልወደው ዚፑን ነው። ጥጉ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ አዲስ የተፈለፈሉት ደግሞ ርዝመታቸው 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያ ይሾልካሉ። በጨርቅ ወትፌዋለሁ።

እኔ የያዝኩት የህንዱን ዝርያ ነው፤ ሴቶቹ ያለ ወንድ ይራባሉ። እንቁላሉ ለመፈልፈል ወራት ስለሚፈጅ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። ትንንሾቹን ካልሲየም ነስንሼ እሰጣለሁ፤ እንደ ፌንጣ ስለማይዘሉ እንቁራሪቶቹ ሳይደክሙ ይለቅሟቸዋል። ቅጠሉ ፀረ ተባይ የተረጨበት እንዳይሆን ግን አደራ፤ የእንቁራሪት ቆዳ መርዝ ይመጥጣል። ትርፍ እንቁላልም ፍሪዘር ውስጥ ሳይቆይ ውጭ አይጣል።