ከዚራ፣ ዛፉ ሥር ያለችው ፈጢራ ቤት

ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ሳይርቅ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር አራት ጠረጴዛ ያላት ቁርስ ቤት አለች። ስም አልተጻፈባትም። እኛ "ዛፉ ሥር" ነው የምንላት።

ፈጢራዋ ሌላ ነው። ባለቤቷ ሊጡን ዘይት በተቀባ ብረት ላይ በመዳፏ እየገፋች ታሳሳዋለች፤ ብረቱ ከሥር እስኪታይ ድረስ። መሐሉ ላይ እንቁላል ትሰብርና አራቱን ጫፍ አጥፋ ምጣድ ላይ ትጥለዋለች። ጠርዙ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ልስልስ ነው። ማሩ ለብቻው በብርጭቆ ይመጣል። እኔ አላፈስበትም፣ እያጠቀስኩ ነው የምበላው።

ባለፈው እሑድ ከባለቤቴና ከወንድሙ ጋር ሄድን። ወንድሙ ከኬፕታውን የመጣው በቅርቡ ነው። እዚያ ሱቁ አጠገብ ፀጉር ቤት ስላላቸው ሁለት ሴቶች አጫወተን። እርስ በርስ ተጋብተዋል፣ የጋብቻ ወረቀታቸውንም ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

"መንግሥት ነው የሰጣቸው?" አለ ባለቤቴ፣ ሻዩን አስቀምጦ።

መንግሥት ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች እንዲጋቡ የሚፈቅደውን ሕግ ስታወጣ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከዚያ በፊት በ2005 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕጉን እንዲያስተካክል ለፓርላማው አንድ ዓመት ሰጥቶት ነበር። እኔም ታይዋን በ2019 ፈቅዳለች ስል፣ አጠገባችን የተቀመጡት ሐጂ የኛን የታይዋን ገበያ ያልኩ መስሏቸው ደነገጡ። አገሩን ነው አልኳቸው።

"አቦ ተዪው" አለኝ ባለቤቴ። "ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 34 ላይ ወንዶችና ሴቶች ነው የሚለው። የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚያስቀጣው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ደግሞ አለ።" ልክ ነው፣ ሕጋችን እንደዚያ ነው። ሐጂም "ልጄ፣ ኒካህ የአላህ ነው። መንግሥት ስሙን ቢለዋውጠው ኒካህ አይሆንም" አሉኝ።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም እንዳለን አያጋቡንም ነበር። ድሬዳዋ የምትተዳደረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል መጋባት ይቻላል። ለኛ የቀረልን ማዘጋጃ ቤት ብቻ ነበር። አባቴ ሦስት ዓመት አላናገረኝም።

አንድ ሌሊት ባለቤቴ በድንገት ለኦፕሬሽን ገባ። በሩ ላይ የቆሙት የሱ ዘመዶች ለነርሷ "እሷ አትገባም፣ ሚስቱ አይደለችም" አሏት። ከቦርሳዬ ላስቲክ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አወጣሁ። መታጠፊያዋ ሳስቷል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ነርሷ አየችና አስገባችኝ። የሁለቱን ሴቶች ወረቀት ስሰማ ያቺ ሌሊት ናት ትዝ ያለችኝ።

ሐጂን አላሳመንኳቸውም። ባለቤቴም "የኛን ከነሱ ጋር አታገናኚ" ብሎኛል። እኔ ግን ወረቀቱና ቡራኬው ሁለት ነገር ናቸው እላለሁ። ደቡብ አፍሪካም ቢሆን የሃይማኖት አባት ካላመነበት አጋባ ተብሎ አይገደድም። ሰው በሐኪም ቤት በር ላይ "ማን ነሽ?" ሲባል የሚያሳየው ነገር ይኑረው ነው የምለው። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፣ አሁንም እዚያው ነኝ።

ቤቷን የምወድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ገና ሳልጨርስ ጠረጴዛ ይደበደብ ነበር። ባለቤቷ "ድምፅ ዝቅ፣ ፈጢራው ይበርዳል" ብላ ሻይ ቀዳችልን። ሐጂ ሲነሱ የኔንም ሻይ ከፍለው ሄዱ።

የሚስተካከል ነገር አላት። እጅ መታጠቢያዋ አንድ ጀሪካን ናት፣ ቶሎ ታልቃለች። ሻዩ ስኳር ይበዛበታል፣ ቀድማችሁ ንገሯት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ፤ 3 ሰዓት ላይ ሊጡ አልቋል፣ ፀሐዩም ጠረጴዛው ላይ ደርሷል።