ጎሚስታ የደም ግፊት መለኪያ ሲገዛ

ሥራዬ ጎማ ነው። ቀኑን ሙሉ «32 ሙላልኝ» የሚሉኝን ስሞላ ስለምውል መለኪያ የሚባል ነገር ቶሎ አላምንም። በርካሽ የገዛሁት አንዱ ስድስት ቁጥር አጉድሎ ሲያሳየኝ እንደከረመ ያወቅሁት ከደንበኛ ጋር ተጣልቼ ነው። ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ ስገዛም በዚሁ ዓይን ነው ያየሁት። አሁን ሦስት ወር ተጠቅመንበታል።

የገዛሁት በቲክቶክ ምክንያት ነው። እማዬ 68 ዓመቷ ነው፤ ደም ብዛት አለባት፣ በየቀኑ 5 ሚሊግራም አምሎዲፒን ትወስዳለች። ትወስዳለች ብዬ ነበር የማስበው። አንድ ቀን ቁም ሳጥኗ ውስጥ ያልተነካ ኪኒን አገኘሁ፤ ከጎኑ በላስቲክ የተቋጠረ አረንጓዴ ዱቄት። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ «ደም ብዛትን ከሥሩ ይነቅላል፣ ኪኒን ያስጥላል» ሲል አይታ፣ በጎረቤት ልጅ ስልክ አዝዛ፣ 1,500 ብር ከፍላ፣ ሞተረኛ ደጇ ድረስ አምጥቶላታል። «ዶክተር ነው እኮ፣ ልብሱን አላየህም?» አለችኝ። ጋውንማ እኔም ገዝቼ ብለብስ ጎማ ነው የምሞላው አልኳት። አልሰማችኝም። የደም ብዛት ክፋቱ አለማመሙ ነው፤ ኪኒኑን ስትውጥም ደህና ናት፣ ዱቄቱን ስትጠጣም ደህና ናት። ቁጥር የግድ ሆነ።

የወሰድኩት ክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል ነው፣ በ4,800 ብር። ሻጩ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ትንሿን ሊሰጠኝ ታግሎ ነበር። እሷ እጅ ከልብ ትክክል ካልተያዘ ቁጥሯ ይዘላል፤ የእናቴ እጅ ደግሞ ስታወራ አያርፍም። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝም አለ፣ ዋጋው እጥፍ ነው። ተውት፣ ስልክ ፎቶ ያነሳል።

አሠራሩ ለሙያዬ ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። ጨርቁ ተነፍቶ የደም ሥሩን ይጫናል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሲተነፍስ፣ ደሙ መልሶ ሲያልፍ የሚፈጥረውን ንዝረት ይዞ የላይኛውንና የታችኛውን ቁጥር ያወጣል። በአራት ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ጉድ ነበር። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ለካኋት፤ 178 በ102። ፎቶውን በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቅሁት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ፣ እዚያ እኩለ ሌሊት ነው፣ እያለቀሰች ደወለች። ጂዳ ያለው አጎቴ የሽፈራው ቅጠል አፍልታችሁ ስጧት አለ። እኔ እማዬን ይዤ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ በትልቁ ጨርቅ ስትለካት 164 በ96። ከፍ ያለ ነው፣ ግን 178 አይደለም። የእኔን መለኪያ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄ ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ነው» አለችኝ። የእማዬ ክንድ በልብስ ሰፊ ሜትር 35 ነው። ጨርቁ ሲጠብ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። እኔ የመኪናውን የጎማ ቁጥር ሳልጠይቅ ጎማ ሸጬ አላውቅም፤ ሻጩ ግን የማን ክንድ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። ትልቁን ጨርቅ ለብቻው 900 ብር ጨምሬ ገዛሁ። ከዚያ መልሼ ጤና ጣቢያ ወስጄ ከእነሱ መለኪያ ጋር አስተያየሁት፣ ልዩነቱ አራት ቁጥር ብቻ ሆነ። ያኔ አመንኩት።

ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ፣ ከአቦል በፊት፣ አምስት ደቂቃ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ደግፋ፣ እግሯን ሳታጣምር ከተቀመጠች በኋላ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ እንለካ ጀመር። ዱቄቱን አትጠጪ ብዬ አልጨቀጨቅኳትም። በሦስተኛው ቀን ማታ 166 ሲል ስክሪኑን ዝም ብላ አየችው። ተነሥታ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ሰማሁ፤ ኪኒኗን በውሃ ስትውጥ ምንም እንዳላየ ሆንኩ።

ከወር በኋላ ቀጠሮዋ ደረሰ። ዶክተሯ ስትለካት 152 ሆነ፤ ሁለተኛ መድኃኒት ልትጨምርላት ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረች። ስልኬን አውጥቼ ፎቶዎቹን አሳየኋት፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሁሉም 130 በ80 አካባቢ ናቸው። «ሐኪም ፊት ሲቀመጡ የሚጨምርባቸው አሉ» አለችና ብዕሯን አስቀመጠች። ቤት ለሚለካ ድንበሩ 135 በ85 ነው፣ ሐኪም ቤት 140 በ90፤ ይሄን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያየች ካርዱ ላይ ገለበጠቻቸው፣ መድኃኒቱም አልተጨመረም።

የማልወደውም አለ። መመሪያው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ብቻ ነው። ቁጥሩን ጮክ ብሎ በእንግሊዝኛ ያነባል፤ ድምፁን የማጥፊያውን ቁልፍ ፍለጋ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። መለኪያ አለ ሲባል ጎረቤት ሁሉ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ግሩፑ ላይ 192 ሲወጣ እህቴ ልትሞት ነበር። የእማዬ አይደለም፣ የእትዬ ነው፤ ለቡና የመጡ ጎረቤታችን፣ ደም ብዛት እንዳለባቸው ራሳቸውም አያውቁም ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ አሁን እሳቸውም ኪኒን ይውጣሉ። ማሽኑ ለሁለት ሰው ለየብቻ የሚመዘግብበት ቁልፍ አለው፤ ሁለተኛው የእትዬ ሆኗል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት የአማርኛ መመሪያ ስለሌለው ነው፤ እሱን በእጄ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌያለሁ። ቁጥር 1 «ሲለኩ አይወራም» ይላል። እማዬ እስካሁን ከቁጥር 2 ነው የምትጀምረው።