ፎርት ስታንዊክስን ለመጎብኘት ከበሩ ሳይሆን ከመንገዱ ጀምሩ

ባለፈው ነሐሴ ከቤተሰቤ ጋር በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮም በምትባለው ከተማ መሐል የሚገኘውን የፎርት ስታንዊክስ ብሔራዊ የመታሰቢያ ሥፍራ ጎብኝተን ተመልሰናል። መግቢያው ነጻ ነው፤ ግማሽ ቀንም ይበቃዋል። ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ግን በምሽጉ በር ከመግባታችሁ በፊት ከቅጥሩ ውጭ ባለው የእግር መንገድ እንድትጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ምሽጉ የተሠራው መንገዱን ለመጠበቅ ነውና፣ መንገዱን ሳያይ የገባ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ያን ያህል ደም ለምን እንደ ፈሰሰ አይገባውም። ያረፍንበት ሆቴል የሰጠን የጉብኝት ወረቀት ስለ ምሽጉ ብዙ ሲል ስለ መንገዱ አንድ ቃል አልነበረውም።

መንገዱ «ኦናይዳ ኬሪ» ይባላል፤ የኦናይዳ ሕዝብ መሸከሚያ እንደ ማለት ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ተነሥቶ በሀድሰን፣ ከዚያም በሞሆክ ወንዝ ሽቅብ የመጣ ጀልባ እዚህ ሲደርስ የሚሄድበት ውኃ ያልቅበታል። በኦናይዳ ሐይቅ በኩል እስከ ኦንታሪዮ ሐይቅ የሚያደርሰው ውድ ክሪክ የተባለው ጅረት ደግሞ ከደረቁ መሬት ማዶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ውኃው በሞላ ጊዜ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጎደለ ጊዜ ግን እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ፣ ጀልባውን ከውኃ ጎትቶ አውጥቶ፣ ሁሉንም በትከሻ፣ በኋላ ዘመንም በጋሪ አሻግሮ ማዶ እንደገና ይጭናል። የአገሬው ሕዝብ ለሺህ ዓመታት ተመላልሶበታል፤ የአውሮፓ ነጋዴዎች ከመጡ በኋላም ወደ ምዕራብ የሚሄደው ጨርቅና ባሩድ፣ ወደ ምሥራቅ የሚመጣው ቢቨር የተባለው እንስሳ ቆዳ በዚህች ጠባብ መሬት ላይ አልፏል። ስለ ሲራራ ነጋዴና ስለ ኬላ ሲወራ ሰምቶ ላደገ ሰው፣ መንገድ ሁሉ የሚጠብበት እንዲህ ያለ ቦታ ምን ያህል እንደሚያስጎመጅ ማስረዳት አያሻም።

ሠራዊቶችንም ያመጣቸው ይኸው ነው። በ1756 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመጋቢት ወር፣ በሻውስግሮ ደ ሌሪ የተመራ የፈረንሳይ ጦር ከአገሬው ተዋጊዎች ጋር በበረዶ ተጉዞ በውድ ክሪክ ጫፍ የነበረውን የእንግሊዞችን ምሽግ፣ ፎርት ቡልን፣ አወደመ። ፍላጎቱ መሬቱን ለመያዝ ሳይሆን በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ወደነበረው የኦስዌጎ ጦር ሰፈር የሚሄደውን ስንቅና ባሩድ ለመቁረጥ ነበር፤ ኦስዌጎም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በፈረንሳዮች እጅ ወደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ጄኔራል ጆን ስታንዊክስ ዛሬ ስሙን የያዘውን ምሽግ አስጀመረ።

አሁን የሚታየው ምሽግ ከ1974 እስከ 1978 በቀድሞው ቦታ ላይ እንደገና የተሠራ ነው። የእንጨቱን ድልድይ አልፋችሁ ስትገቡ ሳንቃው ከእግር በታች ሲንቋቋ ይሰማል፤ ከግንድና ከአፈር የተሠራው ቅጥር ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ከውጭ ያለፈው መኪና ድምፁ እንጂ እሱ አይታይም። አስጎብኚው በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ፣ ምሽጉ በአሜሪካኖች እጅ ሳለ የተደረገውን የ1777ቱን ከበባ ረጋ ብሎ ተረከልን። የእንግሊዙ አዛዥ ባሪ ሴንት ሌጀር ከኦስዌጎ በውድ ክሪክ በኩል ሲመጣ፣ የምሽጉ አዛዥ ፒተር ጋንስቮርት አስቀድሞ ዛፍ እያስቆረጠ ጅረቱ ላይ አስጥሎ ነበር። ሴንት ሌጀር ወታደሮቹን ከከበባው ላይ ቀንሶ ግንድ እንዲያነሡና ለመድፎቹ የጫካ መንገድ እንዲጠርጉ ለማሰማራት ተገደደ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ምሽጉን ሳይዝ ተመለሰ። ያን ከበባ ከመድፉ ይልቅ በጅረቱ ላይ የተጋደሙት ግንዶች የወሰኑት ይመስለኛል።

ከጉብኝቱ ሁሉ ብዙ ጊዜ እንድትሰጡት የምፈልገው ግን በማሪነስ ዊሌት የጎብኚዎች ማዕከል ስለ ስምምነቶቹ ለሚነገረው ታሪክ ነው። በ1768 እንግሊዝና ስድስቱ ሕዝቦች የተባለው የአገሬው ኅብረት እዚሁ ተቀምጠው የወሰን መስመር ተስማሙ። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ኅብረቱ ለሁለት ሲከፈል፣ አብዛኞቹ ኦናይዳዎች ከአሜሪካኖቹ ጎን ቆሙ፤ በኦሪስካኒ ጦርነትም በነሐሴ 1777 ደማቸውን አፈሰሱ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በ1788 የኒው ዮርክ ግዛት በዚሁ ቦታ ከእነርሱ ጋር ሌላ ስምምነት አደረገ፤ በእርሱም ኦናይዳዎች አብዛኛውን መሬታቸውን አጡ። ለወዳጆቹ የተዋጋ ሕዝብ በራሱ መንገድ ላይ ቆሞ አገሩን ሲለቅ ማሰብ ያማል። ልጄ «ታዲያ ከማን ጋር ነበር የተዋጉት?» ብላ ስትጠይቀኝ መልስ ለመፈለግ ዝም ብዬ ቆየሁ።

በ1797 ሁለቱን ውኃዎች የሚያገናኝ ቦይ ተቆፍሮ ጀልባ መሸከም ቀረ፤ በ1817 ደግሞ የኢሪ ቦይ ቁፋሮ የተጀመረው እዚያው ሮም ነው። የመሸከሚያው መንገድ አብዛኛው ዛሬ አስፋልትና ሕንጻ ሆኗል።

መኪና ካላችሁ ከምሽጉ ወጥታችሁ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱና ውድ ክሪክን እዩት። እኛ ስናየው ጠባብና ዝግ ያለ፣ ቅርንጫፍ ያንዣበበበት ውኃ ነበር። ጀልባ ሊያንሳፍፍ የማይችልበት ጊዜ ብዙ ስለነበር፣ ውኃውን በግድብ አጠራቅመው በአንድ ጊዜ ይለቁትና ጀልባዎቹ ከጎርፉ ጋር ይወርዱ ነበር።